ኦነሲሞስ ነሲብ፦ በሰው አገር ያስተማረው መምህር

ባለፈው ተርም እኔ ክፍል አንዲት አዲስ ልጅ ገባች። ክፍሉ ውስጥ ከመቶ በላይ ልጆች ስላሉ አንድ ልጅ ዝም ቢል ቶሎ አይታወቅም። እሷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በእንግሊዝኛ ብጠይቃት ዝም፣ በስዋሂሊ ዝም፣ በአማርኛ ብሞክር መሬት መሬት ማየት። ጆሮዋ ችግር ይኖርበት ይሆናል ብዬ ክሊኒክ ላስወስዳት ሁሉ አስቤ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ውሃ ልቀዳ ቦኖ ጋ ስሄድ፣ ይቺው ልጅ ጀሪካኗን ይዛ፣ ወረፋዋን ሊቀማት ከመጣ ጎረምሳ ጋር በኦሮምኛ ስትሟገት አገኘኋት። ጠበቃ በሏት! ጎረምሳው አፍሮ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ።

ማታ ይህን ነገር በእኛ ብሎክ ለሚኖሩ አንድ የወለጋ አዛውንት አጫወትኳቸው። ሳቁና ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስሙን ሰምቻለሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመ ሰው ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አላውቅም ነበር። መምህር እንደነበረ፣ ያውም ብዙውን ዕድሜውን በሰው አገር ያስተማረ መምህር እንደነበረ፣ ያስተማራቸውም ልጆች ልክ እንደኛዎቹ ከየቤታቸው ተነቅለው የመጡ እንደነበሩ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር በስልኬ ሳነብ ቆየሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1850ዎቹ ውስጥ፣ በኢሉባቦር ሁሩሙ በሚባል አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። እናቱ ሂካ ብላ ጠራችው። በኦሮምኛ ቃሉ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። በአማርኛም እኮ እንዲሁ ነው፤ ገመድም ይፈታል፣ የቃል ትርጉምም ፍቺ ይባላል። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ፣ በ1860ዎቹ መጨረሻ፣ ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ። ስለ ባሪያ ንግድ ስናወራ ሁልጊዜ ነገሩን ወደ ውጭ መግፋት ይቀናናል። ዓረቦች፣ ቱርኮች፣ ግብፆች እንላለን። እነሱ ገዙ፤ እውነት ነው። ግን ያንን ልጅ ከእናቱ ደጃፍ ያነሳው፣ ገበያ ለገበያ እየጎተተ ያሻሻጠው የገዛ አገሩ ሰው ነው። ልጁ ቀይ ባሕር እስኪደርስ ስምንት ጌቶች ተቀባብለውታል። ስምንት! እኔ ካምፕ ስመጣ በሦስት ደላላ እጅ ነው ያለፍኩት፤ ያም ከፍዬ፣ ፈልጌ። የሦስቱንም ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ምጽዋ ያኔ በግብፅ እጅ ነበረች። እዚያ ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል፣ በኋላ ለግብፅ መንግሥት ምጽዋን ያስተዳደረ የስዊዘርላንድ ሰው ነበር። በ1870 ልጁን ነጻ አወጣውና የስዊድን ሚስዮን ለከፈተው ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ ተማሪ ወጣው። ቶሎ ያነባል፣ ቶሎ ይጽፋል። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙን ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈው መልእክት የምታውቁት ትኖራላችሁ፤ ከጌታው ቤት የሄደው ባሪያ ነው። ቃሉ ደግሞ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም እዚህ ላይ ከመዝገብ ይወጣል። እኔን ግን ያ የመጀመሪያው ስም ይበልጥብኛል፤ የኋላ ሥራው ሁሉ እዚያ ውስጥ ስላለ።

በ1876 ለትምህርት ወደ ስዊድን ላኩት። ስቶክሆልም ጆሃኔሉንድ በሚባለው የሚስዮን ማሠልጠኛ አምስት ዓመት ተቀመጠ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የምትጠልቅበት ከተማ ነው። ከምጽዋ ሙቀት ወጥቶ እዚያ የገባው ወጣት ምን እንደተሰማው መገመት ለእኛ አያቅትም፤ ካናዳና ኖርዌይ የሄዱ ጓደኞቻችን ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ጨለማው ነውና። ልዩነቱ ይሄ ሰው አለመቅረቱ ነው። በ1881 ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰ። ምሕረት ኃይሉን አገባ። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ መምህር ሆነዋልና።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ አገራቸው ገብተው ማስተማር። ቀላል ይመስላል አይደል? አልነበረም። አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚስዮኖች እንዳይገቡ ከልክለው ስለነበር በሰሜኑ መንገድ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ገና ከስዊድን እንደተመለሱ ከአንድ ቡድን ጋር ሆነው በሱዳን በኩል ዞረው፣ ከምዕራብ ጠረፍ ወለጋ ለመግባት ተነሱ። አሶሳ አካባቢ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልቻሉም። አስቡት፤ የተሰረቁበት አገር ከፊት ለፊታቸው ነው፣ ነገር ግን በሩ ዝግ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰው በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲደርሱ ደግሞ የማህዲ አመፅ በሱዳን እየተቀጣጠለ ነበር። እንደምንም ምጽዋ ተመለሱ።

በ1886 እንደገና ሞከሩ። በዚህ ጊዜ በሸዋ በኩል፣ እስከ እንጦጦ። ምኒልክ፣ ያኔ ገና ንጉሠ ሸዋ ናቸው፣ እንዲመለሱ አዘዙ። ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምሕረት ሞቱባቸው።

በእኛ ካምፕ ስለ መጠበቅ የሚያስተምረን ሰው አያስፈልግም። ፕሮሰስ የጀመረ ሰው አለ፣ ኢንተርቪው አድርጎ ዓመታት የቆጠረ አለ፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ስሙ ከቦርዱ ላይ የጠፋበት አለ። መጠበቅ ሰውን ሁለት ዓይነት ያደርገዋል ብዬ አስባለሁ። አንዱ የሚኖርበትን ቦታ እንደ አውቶብስ መናኸሪያ ያየዋል፤ ነገ ስለምሄድ ዛሬ ምን አገባኝ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ቀን እንደዚያ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳው ተሰንጥቆ ስንት ጊዜ በካርቶን ልለጥፈው አስቤ ትቼዋለሁ። ኦነሲሞስ ግን ከ1881 እስከ 1904 ድረስ፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ያልገቡበትን አገር ትምህርት ቤት በምጽዋ ዳር ሆነው ሲያዘጋጁ ነበር የኖሩት።

ቦታው እምኩሉ ይባላል። ከምጽዋ ወጣ ብሎ ያለ ሙቀቱ የከፋ ሜዳ ነው። ሚስዮኑ እዚያ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ነበረው። ጣሊያኖች በ1885 ምጽዋን ከያዙ በኋላ በባሕር ላይ ከተያዙ የባሪያ ጀልባዎች የወረዱ ልጆች እዚያ ይመጡ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የኦሮሞ ልጆች ናቸው። አባትና እናታቸው የት እንዳሉ አያውቁም፤ ወላጆቻቸውም ልጆቹ ይኑሩ ይሙቱ አያውቁም። ካምፕ የሚለው ቃል ያኔ አልነበረም እንጂ ካምፕ ነበር።

መምህሩ እነዚህን ልጆች በቋንቋቸው ሊያስተምሩ ተነሱ። መጽሐፍ የለም። በኦሮምኛ የተጻፈ ለተማሪ የሚሆን ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ1887 የመዝሙር መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ አዲስ ኪዳንን መተርጎም ያዙ። እዚህ ላይ ነው እኔን በጣም የነካኝ ነገር የመጣው። ኦነሲሞስ ኦሮምኛቸው እንዳልበቃቸው ተረዱ። ለምን ብትሉ፣ ከቤታቸው የተወሰዱት በልጅነታቸው ነው። በልጅ አፍ የቆመ ቋንቋ ነው የያዙት። ልጅ ጨዋታ ያውቃል፣ ምግብ ያውቃል፣ የእንስሳ ስም ያውቃል። የሽማግሌ ዳኝነት፣ የሐዘን ቃል፣ የሕግ ቃል፣ ከትልልቅ ሰዎች መሀል ተቀምጦ የሚሰማ ነው። እሳቸው ያን ሳይሰሙ ነው የተወሰዱት። ስዊድንኛ ከቲኦሎጂ ጋር ተምረዋል፣ የእናታቸው ቋንቋ ግን ጎደለባቸው።

ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀመጥኩ። እኔ ካምፕ የገባሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አማርኛዬ ከእናቴና ከጎረቤት፣ ከአሮጌ መጻሕፍትም የለቀምኩት ነው። በስዋሂሊ ተደባልቆ ሲወጣ እናቴ ትስቅብኛለች። ለቅሶ ቤት ገብቼ ትልልቅ ሰዎች የሚሉትን ማለት አልችልም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አሜን ብቻ ነው የምለው። ያ ትልቅ ሰው እንደዚህ ተሰምቶት ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? ከተማሪዎቻቸው ተማሩ። ከሁሉ በላይ ከአንዲት ልጅ።

አስቴር ጋኖ ትባላለች። እሷም በልጅነቷ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ የተደረገች፣ በኋላም ባሕር አቋርጣ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ የተላከች ናት። በ1886 አንድ የጣሊያን መርከብ የተጫነችበትን ጀልባ ያዘና እምኩሉ አወረዳት። ትምህርት ቤት ገባች። ኦነሲሞስ ይህች ልጅ ምን እንደያዘች ቶሎ አወቁ። ኦሮምኛዋ ሙሉ ነበር። ተረቱን ከነዜማው፣ እንቆቅልሹን ከነመልሱ፣ ምሳሌውን ከነቦታው ታውቃለች። መምህሩ ቃላት እንድትሰበስብ ሰጧት፤ ለመዝገበ ቃላት የሚሆን ክምችት አዘጋጀች። ከዚያ የምታስታውሰውን ተረትና ዘፈን ጻፈች። ሁለቱ ተባብረው ወደ 500 የሚሆን ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ሰበሰቡ። ብዙው በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ መጽሐፍ ትንሽ ልበል። እኔ መምህር ስለሆንኩ ከመጽሐፍ ቅዱሱ እኩል የሚያስገርመኝ እሱ ነው። አንድ ልጅ ፊደል ለይቶ መጀመሪያ የሚያነበው ነገር አያቱ የነገረችው እንቆቅልሽ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር አስቡ። የምናስተምርባቸው መጻሕፍት ውስጥ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ባቡርና የገበያ አዳራሽ ነው ያለው። መጥፎ መጻሕፍት ናቸው አልልም፣ የተጻፉት ለሌላ ልጅ ነው። እምኩሉ ውስጥ ግን ስሟን እንኳ ጌቶቿ የለወጡባት አንዲት ልጅ መጽሐፍ ስትከፍት የአገሯ ቀበሮና ጅብ ይጠብቋት ነበር።

የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ኦሮምኛ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር፣ ተነባቢው ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል። በዳ ብላችሁ ብትጽፉ ላልቶ ሲነበብ መጥፎ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ማለት ነው። በፊደላችን ሁለቱም አንድ ናቸው። አማርኛም ገና እና ገና ብሎ ያው ችግር አለበት፣ እኛ ግን ለምደነዋል። አናባቢው ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ፊደላችን ረጅሙን ከአጭሩ በሁሉም ቦታ አይለይም። ልጅ ከማንበብ ጋር ሲታገል አይታችሁ የምታውቁ ይህ ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ ይገባችኋል።

አዲስ ኪዳኑ በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ሴንት ክሪሾና በሚባል ቦታ ታትሞ ወጣ። ከሁለት ሰው ብዙም በማይበልጥ እጅ፣ ሁለቱም በባርነት ተሸጠው የነበሩ፣ ሁለቱም ከአገራቸው ርቀው። አስቴር ስሟ ሽፋኑ ላይ የለም። ይህ ያናድደኛል፤ ያኔም ዛሬም የሴት ሥራ እንዲህ ነው።

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ምኒልክ ፈቀዱ። የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ፣ የኦሮሞ ስማቸው ኩምሳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ከእናታቸው ደጅ ከተወሰዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አብረዋቸው ሁለተኛ ሚስታቸው ሊድያ ዲምቦ አሉ፤ እሳቸውም በእምኩሉ የተማሩ ናቸው። አስቴርም መጡ። አሁን እሳቸውንም አንቱ ልበላቸው። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሴቶቹም አስተማሩ፣ ይህን ማለፍ የለብንም፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሴት መምህርት ፊት ቆማ ፊደል ስታስቆጥር ማየት ለሰው ምን እንደነበር እንጃ።

በኦሮምኛ ሲሰብኩ ሕዝቡ ሰማ። ሕዝቡ መስማቱ ነው ችግር ያመጣው። የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸው። በ1906 አዲስ አበባ ተጠርተው አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ፍርዱ ከወለጋ እንዲወጡ ነበር። ምኒልክ ግን ነገሩን አሻሻሉት። ወደ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ያስተምሩ፣ ነገር ግን አይስበኩ ተባለ። እንደገና እንዳይነቀሉ ተስማሙ። ፊደል ማስቆጠር ተፈቅዷል፣ ስለዚህ ፊደል አስቆጠሩ። ለብዙ ዓመታት በዚህ ኖሩ፤ የሃይማኖት ነጻነት ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪሰጧቸው ድረስ። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ፣ ፈቃዱ ግን አልተነጠቀም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ሽንፈት ያየዋል። አዛውንቱ ጎረቤቴም እንደዚያ ነው ያሉኝ፤ ሰውየው አፋቸውን ተለጉመው ኖሩ ብለው ተቆጡ። እኔ ለመስማማት ይከብደኛል። ማስተማር ብቻ የተፈቀደለት ሰው ምን ያህል መሥራት እንደሚችል የከለከሉት ሰዎች ያወቁ አይመስለኝም። ማንበብ የቻለ ልጅ የ1899ኙን መጽሐፍ ራሱ ከፍቶ ያነበዋል። ሰባኪ አያስፈልገውም።

ኦነሲሞስ ነሲብ ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ውስጥ ሞቱ። አስቴር ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። በ1944 የወጣው የሚስዮን ደንብ ትምህርት በአማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በኦሮምኛ ማስተማር ለረጅም ጊዜ ወደ ጓዳ ገባ። ከ1991 በኋላ ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ ደግሞ ዛሬ ብዙ ወጣት ያንን አሮጌ መጽሐፍ ማንበብ አይችልም። እኔ ፊደሉን አነባለሁ፣ ቋንቋውን አላውቅም። ጎረቤቴ ቋንቋውንም ፊደሉንም ያውቃሉ፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል። አንድ ማታ በስልኬ ካገኘሁት ገጽ ላይ ሳይገባኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸው እየሰሙ ጠብቆ የሚነበበውን ሳላላባቸው ያርሙኛል። ሁለት ገጽ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀብን።

እዚህ ስለ ማስተማር ማማረር ብፈልግ ብዙ አለኝ። የሚከፈለን ደመወዝ አይባልም፣ ማበረታቻ ነው የሚሉት፣ እሱም ሲዘገይ ይዘገያል። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ባለፈው ወር ትቶ ስልክ ቤት ገባ፤ ከእጥፍ በላይ ያገኛል። ለእኔም ቦታ እንዳለ ነግሮኛል። መልስ አልሰጠሁትም። ይህን የምጽፈው ጀግና ለመምሰል አይደለም፤ በሚቀጥለው ተርም እዚያ ልታገኙኝ ትችላላችሁ።

ያቺን ልጅ ግን ልጨርስላችሁ። ኦሮምኛ የሚያውቅ አንድ ልጅ አጠገቧ አስቀመጥኩ። አንድ አርብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያጮኸው፣ ማንም ሒሳብ መስማት በማይችልበት ሰዓት፣ ሂቦ የምታውቅ እንደሆነ እንዲጠይቃት አደረግሁ። ሂቦ በኦሮምኛ እንቆቅልሽ ነው። መጀመሪያ መሬት አየች። ከዚያ ተነሳች። አንድ ጠየቀች፣ ልጁ ወደ ስዋሂሊ መለሰው፣ መቶ ልጅ መልሱን ለማግኘት ጮኸ። የኑዌር ልጆች ሞከሩ፣ የሶማሌ ልጆች ሞከሩ፣ ማንም አልመለሰም። እኔም አልመለስኩም። እንደ እኛው እንቆቅልሽ አገር ስጡኝ አለች። ልጆቹ ናይሮቢን ሰጧት። እምቢ አለች። ካናዳን ሰጧት። ትንሽ አሰበችና ተቀበለች፣ መልሱንም ነገረችን። ከዚያ ሁለተኛውን ጀመረች፣ ደወሉም ተደውሎ ማንም አልወጣም።

እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰናል። ደብተር ላይ እየጻፍኳቸው ነው፤ በፊደልም በቁቤም። ቁቤውን የምትጽፈው እሷ ናት። እኔ ስሳሳት ቀይ እስክሪብቶዬን ትወስድብኛለች።